ሬሜዲያል የገባ ተማሪ መሐንዲስ ይሆናል፤ ሒሳቡን ከዘለለው ግን አይሆንም

የ12ኛ ክፍል ውጤት ሲወጣ ቤተሰብ የሚጠይቀው አንድ ነገር ነው፤ 50 ከመቶ አመጣ ወይስ አላመጣም? ፈተናው በዩኒቨርሲቲዎች ግቢ መሰጠት ከጀመረበት ከ2014 ዓ.ም. ወዲህ ይህንን ዩኒቨርሲቲ በቀጥታ የሚያስገባ መስመር ያለፉት በጣት የሚቆጠሩ ናቸው። በ2014 ከመቶ 3.3፣ በ2015 3.2፣ በ2016 5.4፣ በ2017 8.4። ስለዚህ «ውጤት አልመጣለትም» የሚባለው ልጅ ከእኩዮቹ የተለየ ሰነፍ አይደለም፤ አብዛኛው ተፈታኝ እሱ ነው።

ኢንጂነሪንግ የሚፈልግ ልጅ ግን ድምሩን ትቶ መጀመሪያ የሒሳብና የፊዚክስ ነጥቡን ይመልከት። ባዮሎጂና እንግሊዝኛ ድምሩን ከፍ አድርገውለት ሒሳብ 28 ያመጣ ልጅ ከፊቱ የሚጠብቀው መንገድ ከባድ ነው። ድምሩ ከሱ ያነሰ፣ ሒሳቡ ግን 55 የሆነ ልጅ ይሻላል። ድምር ዩኒቨርሲቲ ያስገባል፤ ኢንጂነሪንግ ውስጥ የሚያቆየው ግን ሒሳብ ነው። ዘመድ አዝማድ ተሰብስቦ «ኢንጂነሪንግ ይቅርብህ» ወይም «ዝም ብለህ ግባ» ከማለቱ በፊት ካርዱን ገልጦ ይህችን የሒሳብ ረድፍ ቢያያት ጥሩ ነበር።

ከ50 በታች ላመጣ የተፈጥሮ ሳይንስ ተማሪ ዋናው በር በ2015 ዓ.ም. የተጀመረው የአቅም ማሻሻያ ወይም ሬሜዲያል ፕሮግራም ነው። መግቢያ ነጥቡን ትምህርት ሚኒስቴር በየዓመቱ ያወጣል፤ በትምህርት መስክ፣ በጾታና በመሳሰለው ይለያያል። ስለዚህ የአምናውን ነጥብ ይዞ ተስፋ መቁረጥም መጽናናትም አያዋጣም። ትምህርቱ ወደ አራት ወር ገደማ የሚፈጅ ሲሆን እንግሊዝኛ፣ ሒሳብ፣ ፊዚክስ፣ ኬሚስትሪና ባዮሎጂ ይሰጣሉ። ፕሮግራሙ ሲጀመር የተቀመጠው ምዘና 30 ከመቶው በዩኒቨርሲቲው፣ 70 ከመቶው ከማዕከል በሚመጣ ፈተና የሚያዝ ነበር። ሂሳቡን አስሉት፤ ከ30ው 24 የያዘ ልጅ 50 ሞልቶ ለማለፍ ከ70ው 26 ይበቃዋል፣ በክፍል ፈተናና በአሳይመንት ተዘናግቶ 10 የያዘ ግን 40 ማምጣት አለበት። ብዙዎች የሚወድቁት በመጨረሻው ሳምንት አይደለም። የመጀመሪያውን ወር «ገና ነው» ብለው የዶርም ኑሮ ሲለማመዱ ያሳለፉት ናቸው የሚወድቁት።

ሌላው ችግር ከሞጁሉ፣ ለሬሜዲያል ከተዘጋጀው መማሪያ፣ አጠናን ይመጣል። ሞጁሉ የ11ኛና የ12ኛ ክፍል ትምህርት ጭማቂ ነው፤ የልጁ ክፍተት ግን ብዙ ጊዜ ያለው 9ኛና 10ኛ ክፍል ላይ ነው። ክፍልፋይ፣ ቅንፍ መፍታት፣ እኩልታ፣ ፋክተር ማውጣት፣ ትሪጎኖሜትሪ። እነዚህን ያልያዘ ልጅ ሞጁሉ ላይ የተሠሩትን ምሳሌዎች ይሸመድዳል፤ ፈተናው ላይ ቁጥሩ ሲቀየርበት እጁን ያጣጥፋል።

አንድ ጥያቄ ቀረብ ብለን እንይ። 10 ኪሎ ግራም የሚመዝን ሳጥን በ30 ዲግሪ ያዘነበለ ልስልስ ጠረጴዛ ላይ ተቀምጧል፤ በተዳፋቱ ወደ ታች የሚስበው ኃይል ስንት ነው? ክብደቱ 10 ሲባዛ በ9.8፣ ማለትም 98 ኒውተን ነው። በጠረጴዛው አቅጣጫ ያለው ክፍል 98 ሲባዛ በሳይን 30፣ 49 ኒውተን ይሆናል። ስዕሉን ያልሳለ ተማሪ ሳይንና ኮሳይንን አቀያይሮ 85 ይጽፋል፤ 85 ግን ሳጥኑ ጠረጴዛውን የሚጫንበት ኃይል ነው። ካልኩሌተሩ ራዲያን ላይ መሆኑን ያላየ ደግሞ −96.8 ያወጣል፤ ሳጥኑ ሽቅብ ይወጣል እንደማለት ነው። የሚያሳዝነው ይህን መልስ ሳይደነግጡ የሚጽፉ መኖራቸው ነው። ሽምደዳ የሚያስከፍለው ዋጋ ይኸው ነው። ስታቲክስ የሚባለው የኢንጂነሪንግ ኮርስ ከዳር እስከ ዳር በዚህ ዓይነት ስዕልና በሁለት አቅጣጫ በተበተነ ኃይል የተሞላ ነው።

ስለዚህ ውጤት ከወጣበት ቀን እስከ ዩኒቨርሲቲ ጥሪ ያለው ጊዜ ወርቅ ነው። ከ9ኛ ክፍል የሒሳብ መጽሐፍ ከየምዕራፉ መጨረሻ ያሉትን የክለሳ ጥያቄዎች 20 ያህል መርጦ በአንድ ሰዓት፣ ያለ ማስታወሻና ያለ ስልክ መሥራት። ከ12 በታች ካገኘ የሚጀምረው ከዚያው ነው፤ ካለፈ ወደ 10ኛ ይሻገራል። በቀን ሁለት ሰዓት ለሒሳብ፣ አንድ ሰዓት ለፊዚክስ ይበቃል። የተሳሳተውን ጥያቄ ለብቻ ደብተር ላይ ጽፎ ከሦስት ቀን በኋላ መልሱን ሳያይ እንደገና መሥራት ደግሞ ከማንኛውም የቴሌግራም ቻናል ይበልጣል። ዩቲዩብ ላይ ሲሠራ ማየት መሥራት አይደለም።

ሬሜዲያል ያለፈ ወደ ፍሬሽማን፣ ወደ ዩኒቨርሲቲው አንደኛ ዓመት፣ ይገባል። እዚያ ለተፈጥሮ ሳይንስ የሚሰጠው ሒሳብና ጄኔራል ፊዚክስ ይጠብቁታል፤ ወደ ፕሪ-ኢንጂነሪንግ ከተለየ በኋላ ደግሞ አፕላይድ ሒሳብ አንድ ይመጣል፤ ቬክተር፣ ማትሪክስ፣ ሊሚት፣ ዴሪቬቲቭና ኢንቴግራል በአንድ ሴሚስተር። የዲፓርትመንት ምደባው የሚወሰነውም በእነዚህ ኮርሶች በሚያመጣው ነጥብ ጭምር ነው። ሶፍትዌር፣ ኤሌክትሪካልና ሲቪል በየዓመቱ ፈላጊያቸው ብዙ ነው፤ ሌሎቹም ቢሆኑ ኢንጂነሪንግ ናቸውና የደረሰውን እንደ ቅጣት የሚያይ ልጅ ራሱን ይጎዳል።

በግል እንደገና መፈተን የሚያዋጣው ሒሳቡ ደህና ሆኖ በሌሎች ትምህርቶች ድምሩ ለጥቂት ላመለጠው ነው። ሬሜዲያል ደርሶት ትቶ ዓመት መጠበቅ ግን ብዙ ጊዜ ኪሳራ ነው፤ ዓመቱን በሙሉ የሚያጠና ጥቂት ነው።

ቴክኒክና ሙያ ሌላው መንገድ ነው፤ ሰው ግን የሚያነሳው ሁሉ ካለቀ በኋላ ነው። በደረጃ የሠለጠነና የብቃት ምዘናውን፣ ሲኦሲውን ያለፈ ኤሌክትሪሻን ወይም ቀያሽ፣ በኋላ ዲግሪ ቢማር ወረቀት ላይ የሚያየውን ነገር በእጁ ያውቀዋል። ሲኦሲ ሳያልፉ ደረጃ ጨርሻለሁ ማለት ግን ለቅጥርም ለቀጣዩ ደረጃም አይረዳም። ወደ ዲግሪ የሚያሻግረው መስፈርት በየጊዜው ስለሚቀያየር ከመመዝገብ በፊት የዓመቱን መመሪያ በጽሑፍ ማየት ያስፈልጋል። ደላላ ወይም ጓደኛ የነገረው ማስረጃ አይሆንም።

የግል ኮሌጅ የሚያስብ ቤተሰብ ከትምህርትና ሥልጠና ባለሥልጣን ማረጋገጥ ያለበት የኮሌጁን ስም ብቻ አይደለም። ፈቃድ የሚሰጠው ለእያንዳንዱ የትምህርት መስክ፣ ለእያንዳንዱ ደረጃና ለእያንዳንዱ ካምፓስ ነው። አንድ ቅርንጫፍ ላይ በአካውንቲንግ የተፈቀደለት ተቋም ሌላ ቅርንጫፍ ላይ ሲቪል ኢንጂነሪንግ ማስተማር ይችላል ማለት አይደለም። «ነጥብ አያስፈልግም» የሚል ካለ ደግሞ ብሩን ይዞ መመለስ ነው። ከ2015 ዓ.ም. ጀምሮ የመንግሥትም የግልም ተመራቂ የመውጫ ፈተና ተፈትኖ 50 ከመቶ ማምጣት አለበት፤ በቀላሉ የተገባበት በር መጨረሻው ላይ ይዘጋል። ውጭ አገር ለመላክ መሬት የሚሸጥ ወላጅም ዲግሪው አገር ቤት የአቻ ግምት የሚያገኝ መሆኑን ከመክፈሉ በፊት ይጠይቅ።

ዩኒቨርሲቲዎችም አንድ ነገር ይጠበቅባቸዋል። የዲፓርትመንት ምደባ ቀመሩ፣ የ12ኛ ክፍል ውጤት ስንት ከመቶ፣ የፍሬሽማን ግሬድ ስንት ከመቶ፣ የመግቢያ ፈተና ካለም ስንት ከመቶ እንደሚይዝ፣ ተማሪው ሴሚስተሩን ሲጀምር ሊያውቀው ይገባል። ግሬድ ከተለጠፈ በኋላ ቀመሩን መስማት በዝቅተኛ ውጤት ለገባው ልጅ በተለይ ግፍ ነው፤ የቀድሞው ነጥቡ እስከ መቼ እንደሚከተለው አያውቅም። ይህን ለማድረግ በጀት አያስፈልግም፤ በምዝገባው ቀን ሬጅስትራሩ በር ላይ አንድ ገጽ መለጠፍ ይበቃል። ተማሪዎችም ሳይለጠፍ ከቀረ በመጀመሪያው ወር ሬጅስትራር ሄደው ይጠይቁ።