ቀኝ እጅ ይሰጣል፣ ግራ እጅ ይቀርፃል

ሐዋሳ የተባረከች ከተማ ናት። በዓል በቀረበ ቁጥር ደግነት ባነር አሠርቶ፣ ቲሸርት አሳትሞ፣ ፒካፕ ላይ ስፒከር ጭኖ ይወጣል። ባለፈው ቅዳሜ እኛ ግቢ ድረስ መጥቶ ነበር፤ ከገብርኤል ወረድ ብለን ነው የምንኖረው። ምስጋናዬን ሳላቀርብ ብቀር ነውር ነው።

ድሮ ምጽዋት ምን ያህል ኋላ ቀር እንደነበረ ታስታውሳላችሁ። ሰው ሳይነጋ ነጠላውን ተከናንቦ ደጀ ሰላም ይደርስና ነዳያኑ እጅ ላይ ሳንቲም አኑሮ ሹልክ ይላል። ማን ሰጠ? አይታወቅም። ስንት ሰው አየው? ማንም። የሚለምነውንም «የኔ ቢጤ» ይሉታል፣ እንደኔው ያለ ሰው ለማለት። ዛሬ ተሻሽሏል፤ «ተጠቃሚ» ነው የሚባለው፣ ደረቱ ላይ ቁጥር ይለጠፍለታል። ጌታ በማቴዎስ 6 ላይ ስትመጸውት በፊትህ መለከት አታስነፋ፣ ቀኝህ የሚሠራውን ግራህ አይወቅ ብሏል። የኛዎቹ ይህን ትእዛዝ አልጣሱም። መለከት የት አለ? ስፒከር ነው። ግራ እጃቸውም ቢሆን ስልክ ይዞ እየቀረፀ ስለሆነ ቀኙ ስለሚሠራው ለማወቅ ጊዜ የለውም።

ወደ ዘይቱ ልምጣ። አንድ ባለ 5 ሊትር ዘይት ነው። ተቀባይዋ የግቢያችን እማማ፣ ማታ ማታ ፍቅር ሐይቅ ዳር በቆሎ ጠብሰው የሚሸጡት ናቸው። ሰጪዎቹ ዘጠኝ። አንድ ጀሪካን ለዘጠኝ እንዴት ይሰጣል? አትናቁት፣ ሙያ ነው። ሰብሳቢው ማንጠልጠያውን ያዙ። ሁለቱ ከሥር ደገፉ። ሦስቱ ጎኑን በጣታቸው ነኩ። ሁለቱ ጀሪካኑ ላይ ቦታ ስላጡ የነኩትን ሰዎች ትከሻ ነኩ፤ በረከቱ እንደ መብራት ከሰው ወደ ሰው ይሄዳል መሰለኝ። ዘጠነኛው አጭር ቢጤ ስለሆነ በባነሩ ሥር አንገቱን አሾለከ። እማማ እጃቸውን ዘረጉ። «ቆይ!» አለ ካሜራማኑ፣ ፀሐይዋ ከኋላ ሆናለች። ሁሉም ዞረ። ባነሩ ሳይዞር ቀረ። ባነሩም ዞረ፣ ጽሑፉ ግን አጥሩን እያየ ነው። እንደገና ተስተካከለ። አሁን ደግሞ የዘይቱ ማርክ ወደ ካሜራ ሆነና፣ የዘይት ፋብሪካው ስፖንሰር ስላልሆነ ጀሪካኑን አዙሩት ተባለ። እማማ ተቀበሉ። ተጨበጨበ።

«እማማ፣ አንዴ ይመልሱልን፤ ከመኪና ሲወርድ አልቀረፅነውም።»

መለሱ። ዘይቱ መኪና ላይ ወጣ፣ ወረደ፣ ዘጠኙ ተሰለፉ፣ ነካኩ፣ ሰጡ። «አሪፍ ነው! አሁን ትንሽ ስሜት ይጨምሩበት፣ እንባ ነገር።» እማማ በጠዋቱ ሽንኩርት እንኳ አልላጡ፣ እንባ ከየት ያምጡ? ቀጥሎ ድሮን ተነሣ። ዶሮዎቹ ጭልፊት መጣ ብለው አልጋ ሥር ገቡ። የእማማ ነጠላ ከራሳቸው ተገፎ አጥር ላይ ዋለ። በሦስተኛው ቀረፃ እማማ ሥራውን ለምደውት እጃቸውን ሳይታዘዙ ነበር የሚዘረጉት። ሦስት ጊዜ ተቀብለው አንድ ዘይት ይዘው ገቡ። ሁለቱ የት እንደደረሱ እስከ ማታ ሲጠይቁኝ ነበር።

ዘጠኙ ከዚያ ሥራውን ለመገምገም ሐይቁ ዳር ወዳለው ዓሣ ገበያ፣ አሞራ ገደል ወረዱ። የዓሣ ጥብሱን፣ ሾርባውን፣ ለስላሳውን ሒሳብ ባላይም፣ ከአንድ ዘይት መብለጡን ግን እምላለሁ።

የጥንት ቅዱሳን ይህን ሳያዩ ማለፋቸው ያሳዝነኛል። በ4ኛው ክፍለ ዘመን ቀጰዶቅያ ረሀብ ሲገባ ቅዱስ ባስልዮስ ምን አደረገ? እህል ቆልፈው ዋጋ እስኪንር የሚጠብቁትን ባለጎተራዎች በስብከቱ ገሠጻቸው። ከቂሣርያ ከተማ ወጣ ብሎም ድሆችና ሕሙማን የሚያርፉበት ስፍራ አሠራ። ወይ አለማወቅ! ባለጎተራ እየገሠጹ ስፖንሰር ይገኛል? ሁለት ሳንቲም የጣለችዋን መበለትማ ተዋት፤ ሎጎ የላት፣ ሃሽታግ የላት።

ደግነታችን ደግሞ ሰው አያጣም። የዓለም ባንክ በ2025 እ.ኤ.አ. የከፋ ድህነት መለኪያውን በቀን ከ2.15 ዶላር ወደ 3 ዶላር ሲያነሣ፣ በአዲሱ ስሌት ከመቶ ሚሊዮን በላይ ሕዝብ ደሀ ከሚባለው ጋር ተደመረ። ሌላው ሰምቶ ይደነግጥ ይሆናል። ለካሜራማን ግን ያ ሁሉ አዲስ ፊት ነው።

ከመኪናው ላይ ዕቃ በጀርባዋ ስታወርድ የነበረችው ልጅ በአንዱም ፎቶ የለችም። የሰብሳቢው ቤት ሠራተኛ ናት። ለእማማ እንደነገረቻቸው፣ «እኔ ጋ ይጠራቀምልሽ» ተብላ አራት ወር ሙሉ ደሞዟን አላየችም። እዚህ ላይ ሽሙጤ ከዳኝ። የሠራተኛን ላብ ውጦ በዘይት መልሶ መትፋት ምጽዋት አይደለም፣ ሌብነት ነው! ያዕቆብ በመልእክቱ ምዕራፍ 5 የተቀማ ደሞዝ ራሱ ይጮኻል ይላል፤ ጩኸቱም ጌታ ጆሮ ገብቷል። ሰው ጆሮ ግን አልገባም። የአሠሪና ሠራተኛ አዋጅ 1156/2011 እንኳ ለትርፍ ያልሆነ የግል አገልግሎትን አይመለከትም ብሎ እሷን ደጅ ትቷታል። ልጅቷ የምትፈልገው የራሷን ብር ነው። ዘይት አልለመነችም፣ ባነር አልለመነችም!

ይቅርታ፣ ምስጋና ላይ ነበርኩ።

ቪዲዮው ከነዘፈኑ ተለቀቀ። ልብ ከሰጡት መካከል አከራያችን አለበት። በሦስተኛው ቀን መጥቶ፣ «እማማ፣ እንኳን ደስ አለዎት፣ ረጂ አገኙ አሉ» ብሎ ከሚቀጥለው ወር ጀምሮ 500 ብር ጨመረባቸው።

ማታ እማማ ከሐይቁ ሲመለሱ እጃቸው ከሰል እንደሆነ በሬን አንኳኩ። ዘይቱን ይዘውታል፣ አልተከፈተም።

«ልጄ፣ ይህን ብሰጣቸው ያን ስልክ ላይ ያለውን ያጠፉልኛል? መመለሱንማ ለምጄዋለሁ።»