እንኳን ደህና መጡ፤ ሰው አለው

የኮሪደር ልማቱ ካዛንቺስን ሲያነሣ ስንቱ የቤተ ክርስቲያናችን ሰው ከተማው ዳር ገላን ጉራ ገባ። የቀረነው አግዳሚው ሰፍቶልን እንደ ልባችን ተዘርግተን ስንቀመጥ ሽማግሌዎቹ ተጨነቁና የዕድገትና የእንግዳ አቀባበል ኮሚቴ ተቋቋመ። ጸሐፊ እኔ ሆንኩ። እስክሪብቶ ይዤ ስለተገኘሁ ነው።

በመጀመሪያው ስብሰባ ስለ ባነር ተነጋገርን። በሁለተኛው ስለ ባነሩ ቀለም። በሦስተኛው «እንኳን ደህና መጡ» ይባል ወይስ «መጣችሁ» በሚለው ተከፋፈልን፤ አንቱታው ወጣቱን ያርቃል የሚል ወገን ተነሣ። በጸሎት ተለያየን።

እሑድ ደረሰ። አስተናጋጆቻችን ባጅ አንጠልጥለው በር ላይ ተደርድረዋል። አንድ ወጣት ገባ። አዲስ መሆኑ ያስታውቃል፣ ጫማውን እያየ ነው የሚራመደው። አራተኛው ረድፍ ላይ ሊቀመጥ ሲል «ሰው አለው» ተባለ። ሰው የለም፤ ያለው መጽሐፍ ቅዱስና ነጠላ ነው። አምስተኛው ላይ ጃንጥላ ተቀምጧል። ስድስተኛው ላይ ምንም የለም፤ ግን የአንድ ሽማግሌያችን ባለቤት ቦታ እንደሆነ ሕፃን ሁሉ ያውቃል። (ታክሲ ውስጥ እንኳ እንዲህ ቢባል ረዳቱ ይከራከርልሃል።) ልጁ ምሰሶ ጀርባ ገብቶ ስብከቱን በድምፅ ብቻ ተከታተለ። ድምፁማ መች ይጠፋል፤ ስፒከራችን መስቀል አደባባይ ድረስ ይሰማል።

«ለመጀመሪያ ጊዜ የመጣችሁ እስቲ ቁሙና እንባርካችሁ!» ሲባል ልጁ ጭራሽ አጎነበሰ። በሱ ፈንታ አንድ ጠና ያሉ ሰው ተነሡ። አጨበጨብን፣ ዘመርንላቸው፣ ፎርም አስሞላናቸው። «ከመቼ ጀምሮ ይመጣሉ?» በሚለው ክፍት ቦታ «ከ2012 ጀምሮ» ብለው ጽፈዋል።

«ታዲያ ለምን ተነሡ ጋሼ?»

«ሰላም የሚለኝ ስላጣሁ፣ አልተመዘገብኩ ይሆናል ብዬ ነው ልጄ።»

በቀጣዩ ስብሰባ ታሪክ አነሣሁ። ደርግ በ1974 ዓ.ም. የመሠረተ ክርስቶስን ቤተ ክርስቲያን ሲዘጋ አባላቷ 5,000 ገደማ ነበሩ። ሕንፃው ተወረሰ፣ መሪዎቹ ታሰሩ፤ ምእመኑ ጥቂት ጥቂት እየሆነ በየሳሎኑ ተደብቆ በሹክሹክታ ዘመረ። ደርግ ወድቆ በሩ ሲከፈት ቁጥራቸው በብዙ እጥፍ አድጎ ተገኘ። ባነር የለ፣ ስፒከር የለ። አምስት ሰው ባለበት ሳሎን ደግሞ ምሰሶ ጀርባ መደበቂያ የለም፣ ወንበሩንም ጃንጥላ አይዝልህም።

ሰብሳቢያችን አንገቱን እየነቀነቀ ሰማኝ። «ግሩም ምስክርነት ነው» አለ። «ባነሩ ላይ ይገባል።»

ያኔ ቤታቸውን ለጸሎት ይሰጡ ከነበሩት አንዷ እማማ ዛሬም በሩ አጠገብ ነው የሚቀመጡት። የኮሚቴውን መኖር የሰሙ አይመስለኝም። ልጁ በመጣበት በዚያ እሑድ ሰው ሲበተን ክንዱን ያዝ አድርገው «የማን ልጅ ነህ አንተ? ና፣ ቡና ልታፈላ ነው ልጄ» አሉት። ጋሼንም «እርሶም ይምጡ እንጂ» ብለው አስከተሏቸው። ሦስቱም በእማማ እርምጃ ቀስ እያሉ ወጡ።

ይህን የሩብ ዓመቱ ሪፖርት ውስጥ ላስገባው ብል ሰብሳቢው ዕቅዱን ገለጠና ቡና የሚል ተግባር አጣበት። ሰረዝኩት።