የሚያፈስ አውሮፕላን

ህንድ ስማር የክፍል ጓደኛዬ አንድ ቅዳሜ «አያቴ ጋ ገጠር እንሂድ» አለኝ። ፑንጃብ ውስጥ ነው፤ ከጃላንዳር ከተማ ብዙም የማይርቅ የገበሬ መንደር። ገጠር ሲባል እኔ የማውቀው አንድ ነውና ባትሪና የቁንጫ መድኃኒት ይዤ ተከተልኩት።

መንደሩ መግቢያ ላይ ቀና ስል አውሮፕላን! ጣሪያ ላይ ቆሟል። ክንፍ አለው፣ መስኮት አለው፣ ጭራው ቀይ ነው። ደንግጬ ጓደኛዬን ጎተትኩት። «የአያቴ የውሃ ታንከር ነው» አለ፣ እንደ ቀላል ነገር። እኛ ሮቶ የምንለው መሆኑ ነው።

በዚያ አካባቢ ሰው ውጭ ወጥቶ ሲቀናው ለቤተሰቡ ቪላ ይሠራል። የቪላውን ታንከር ደግሞ ልቡ በወደደው ቅርጽ ያሠራዋል። ካናዳ የገባው አውሮፕላን ያቆማል፣ ኳስ ወዳዱ ኳስ። ከጓደኛዬ አያት ቤት ሁለት ቤት አልፎ ንስር ክንፉን ዘርግቶ ቆሟል። እኛም አገር አጥሩ ላይ አንበሳ የሚያስቀምጥ ዲያስፖራ አይጠፋም፤ እነሱ ቢያንስ ውሃ ይጠጡበታል።

ቢጂ የጓደኛዬ አያት ናቸው፤ ሁሉም እንደዚያ ነው የሚጠራቸው። ቪላው ስድስት መኝታ ቤትና አራት ባኞ ቤት አለው። ነዋሪዎቹ ግን ቢጂና አንዲት የወተት ጎሽ ናቸው። ክፍሎቹ ተቆልፈዋል፣ ሶፋው ከነላስቲኩ ነው። እሳቸው የሚተኙት ግቢ ውስጥ ገመድ አልጋ ላይ ነው፤ የእኛን የጠፍር አልጋ አስቡት። ኩሽናው ውስጥ የሚያብረቀርቅ የጋዝ ምድጃ ተገትሯል። ሮቲ የሚሉትን ቂጣ የሚጋግሩት ግን ጓሮ ነው፣ በኩበት። ኩበቱ ግድግዳው ላይ በተርታ ተለጥፏል፤ እያንዳንዱ ላይ የቢጂ አምስት ጣት ታትሞበታል። ጭሱ ሲሸተኝ ሆዴ ባባ። ያን ሁሉ ባሕር ተሻግሬ የእናቴን ጓዳ አገኘሁት።

የመብራቱን ነገር ደግሞ ስሙኝ። ፑንጃብ ውስጥ ለገበሬ የውሃ ፓምፕ መብራት ነፃ ከሆነ ቆይቷል፤ እ.ኤ.አ. ከ1997 ጀምሮ ነው። ችግሩ በተራ መምጣቱ ነው፣ ብዙ ጊዜም በሌሊት። በሌሊት ተነስቶ ማብሪያ የሚጫን ማን ነው? እንደተጫነ ይተዉታል። መብራት ሲመጣ ፓምፑ ይነሳል፣ ባለቤቱ ይተኛል። እንዲህ ሲቀዳ ሲቀዳ የከርሰ ምድሩ ውሃ ወደ ታች ሸሸ። እ.ኤ.አ. በ2009 ጭራሽ ሕግ ወጣ፤ ውሃ የሚጨርሰው ሩዝ ነውና ችግኙ ከተቆረጠለት ቀን በፊት ማሳ አይገባም ተባለ። ቀን የሚቆረጠው ለሠርግ ብቻ ይመስለኝ ነበር።

ችግኙን የሚተክሉት ቢሃር ከሚባል ሌላ የህንድ ግዛት የሚመጡ የቀን ሠራተኞች ናቸው። የመንደሩ ወጣትስ? አይልትስ ክላስ ነዋ!

አይልትስ የእንግሊዝኛ ፈተና ነው። እዚያ ግን ያኔ የጋብቻ መመዘኛም ሆኖ ነበር። ልጅቷ ጥሩ ነጥብ ካመጣች ሽማግሌ በራፏን ያጣብብ ነበር። የወንዱ ቤተሰብ የትምህርት ክፍያዋን ይችላል፣ እሷ በተማሪ ቪዛ ትሄዳለች፣ ባል እንደዘገየ ሻንጣ በኋላ ይደርስ ነበር። መልኳን የጠየቀ ሰው አልሰማሁም።

ከሰዓት በኋላ ታልሃን ወደሚባል መንደር ሄድን። እዚያ ያለው ጉርድዋራ፣ ማለትም የሲክ እምነት ተከታዮች ቤተ ጸሎት፣ ለቪዛ የሚሳሉበት ነው፤ የስለቱ ዕቃ የአሻንጉሊት አውሮፕላን ነው። ሱቆቹ በየዓይነቱ ደርድረውታል። የእኛን አየር መንገድ ፈልጌ አጣሁት። ተቀየምኩ። ዴልሂም ይበራል፣ ቶሮንቶም ይበራል፤ ምን አደረጋቸው? ጓደኛዬ ስቆብኝ ሲያበቃ አንዱን ገዛ።

«ለማን ነው?» አልኩት።

«ለአክስቴ ልጅ» አለኝ። ዓይኔን ግን አላየኝም።

ስንመለስ ግቢው ረጥቧል። አውሮፕላኑ ከጭራው ያፈሳል። ቢጂ ከሥሩ ባልዲ ደቅነው፣ ካናዳ፣ ብራምፕተን ከተማ ላለው ልጃቸው በቪዲዮ ደውለው ስልኩን ወደ ጣሪያው አዞሩት።

«ቧንቧ ሠሪውን ያስጠሩት እንጂ!» አለ ልጅ።

የእሳቸውን መልስ ጓደኛዬ እየሳቀ ተረጎመልኝ።

«የቱን ቧንቧ ሠሪ? ይሄን የገጠመውን? ባለፈው ወር እዚያው አንተ ጋ ገብቷል። ካገኘኸው መሰላሌን የት እንዳደረገው ጠይቅልኝ።»