ኮማኪዮን «ትንሿ ቬኒስ» አትበሏት

በሰሜን ምሥራቅ ጣሊያን፣ የፖ ወንዝ ተከፋፍሎ ወደ አድሪያቲክ ባሕር ከሚገባበት ረግረግ በስተደቡብ፣ ኮማኪዮ የምትባል አነስተኛ ከተማ አለች። በአሥራ ሦስት ደሴቶች ላይ ስለተቆረቆረች፣ ቤቶቿም በቦይ ዳር ተደርድረው ሰዉ ከሰፈር ወደ ሰፈር በድልድይ ስለሚሻገር፣ የጉዞ መጽሔቶች «ትንሿ ቬኒስ» የሚል ስም አውጥተውላታል። ስሙ ሙገሳ ይመስላል፤ ጎብኚም ይስባል። ታሪኳን ለሚያውቅ ሰው ግን ይህ ስም ይከብዳል፤ ኮማኪዮን ያቃጠለችው፣ ሕዝቧንም ማርካ የወሰደችው ራሷ ቬኒስ ናትና።

የጠቡ መነሻ ጨው ነው። በ8ኛው መቶ ክፍለ ዘመን መጀመሪያ ላይ (እዚህ የምጠቅሳቸው ዓመታት ሁሉ በጎርጎርዮሳዊው አቆጣጠር ናቸው) ያን ጊዜ አብዛኛውን ጣሊያን ይገዙ የነበሩት የሎምባርዶች ንጉሥ ሊውትፕራንድ ከኮማኪዮ ሰዎች ጋር ተዋውሎ፣ በፖ ወንዝ ሽቅብ የሚወጡት ጀልባዎቻቸው በየወደቡ የሚከፍሉትን ቀረጥ ወስኖ ነበር። ከጭነቱ ዋነኛው ጨው ሲሆን፣ በውሉ ውስጥ ዘይትና ቁንዶ በርበሬም ተጠቅሰዋል፤ ቁንዶ በርበሬ በዚያን ዘመን ከሩቅ ምሥራቅ በብዙ እጅ አልፎ የሚመጣ ዕቃ እንደመሆኑ፣ የእነዚህ የረግረግ ነዋሪዎች ንግድ ምን ያህል ርቆ ይደርስ እንደነበር ያሳያል። በያዝነው ክፍለ ዘመን የመጀመሪያ ዓመታት በቬኒስ የሚገኘው የካፎስካሪ ዩኒቨርሲቲ የአርኪዮሎጂ ባለሙያዎች በካቴድራሉ አጠገብ ቆፍረው፣ የጥንት የብርጭቆ መሥሪያና ከምሥራቅ ሜዲትራኒያን በመርከብ የመጡ እንስራዎች ስብርባሪ አግኝተዋል። ቬኒስ ገና በየደሴቱ የተበተነ ሰፈር በነበረችበት ጊዜ ኮማኪዮ ለፖ ሸለቆ ከተሞች ጨው የምታቀርብ የንግድ ከተማ ነበረች፤ ከሁለቱ የትኛዋ እንደምትገን ያን ጊዜ ገና አልለየም ነበር።

ቬኒስ ተፎካካሪዋን አልታገሠችም። በ9ኛው መቶ ክፍለ ዘመን ደጋግማ ወጋቻት፤ በዚያው ዘመን ሳራሴን የተባሉት የሙስሊም የባሕር ወራሪዎችም መጥተው ዘረፏት። በ932 ደግሞ የቬኒሱ መስፍን ዳግማዊ ፒዬትሮ ካንዲያኖ ምሽጓን አቃጥሎ ነዋሪዎቿን ወደ ቬኒስ አስወሰደ። ከዚያ ወዲህ ኮማኪዮ በንግድ ቀና ማለት አልቻለችም፤ በአቅራቢያዋ ላለችው የፌራራ ከተማ ገዢዎች ለኤስቴ መሳፍንት፣ ከ1598 በኋላ ደግሞ ለሮማ ሊቃነ ጳጳሳት መንግሥት ስትገዛ ኖረች። ስለዚህ «ትንሿ ቬኒስ» ሲባል በሰማሁ ቁጥር እከፋለሁ፤ ተበዳይን በበዳዩ ስም መጥራት ነውና።

ፎቶግራፉ በየመጽሔቱ የሚወጣው ትሬፖንቲ የተባለው ድልድይም ከቬኒስ የተገኘ አይደለም። በፌራራ የጳጳሱ እንደራሴ የነበሩት ካርዲናል ፓሎታ በ1634 አሠሩት፤ የነደፈውም የራቬናው ሰው ሉካ ዳኔዜ ነው። አምስት የድንጋይ ደረጃዎች ከየአቅጣጫው ወጥተው በአንድ ሰገነት ላይ ይገናኛሉ፤ ከባሕር በቦይ የሚመጣ ጀልባም በሥሩ አልፎ ወደ ከተማ ይገባ ነበር።

የኮማኪዮን ጠባይ የሠራው ግን ከድልድዩም ከቤቶቹም ይልቅ ከከተማዋ ውጭ የተንጣለለው ውሃ ነው። የአገሩ ሰዎች «ቫሊ» ይሉታል፤ ከባሕሩ በአሸዋ ቁልል የተለየ፣ ጥልቀት የሌለው፣ የባሕር ጨዋማ ውሃና ጨው የሌለው ውሃ የተቀላቀለበት ሰፊ ላጉን ነው። በዚህ ውሃ ውስጥ አንጉዊላ የሚባል፣ እንደ እባብ የረዘመ ዓሣ ያድጋል። አንጉዊላ የሚወለደው በአትላንቲክ ውቅያኖስ ማዶ በሳርጋሶ ባሕር አካባቢ ሲሆን፣ ገና ግልገል ሳለ በውቅያኖሱ ሞገድ ተወስዶ ወደ አውሮፓ ይመጣል። የኮማኪዮ ዓሣ አስጋሪዎች በአውሮፓው የብርድ ወራት መጨረሻና በጸደይ የውሃ በሮቹን ከፍተው ግልገሎቹን ወደ ቫሊው ያስገባሉ፤ ከብዙ ዓመት በኋላ ጎልምሶ ሆዱ እንደ ብር ሲነጣ፣ በመከር ጨለማና ማዕበል ባለበት ሌሊት ወደ ተወለደበት ባሕር ለመመለስ ይነሣል። ያን ጊዜ አስጋሪዎቹ የባሕሩን ውሃ ወደ ቫሊው ይለቁበታል። ዓሣው የጨዉን ሽታ ተከትሎ ወራጁን ውሃ እየቀዘፈ ሲመጣ፣ ላቮሪዬሮ ወደሚባለው ወጥመድ ይገባል። ላቮሪዬሮ እንደ ቀስት ጫፍ የሾሉ ክፍሎች ተከታትለው የተሠሩበት አጥር ነው፤ ሌላው ዓሣ በፊተኞቹ ክፍሎች ሲቀር፣ ቀጭኑ አንጉዊላ ብቻ በስንጥቁ ሾልኮ መጨረሻው ክፍል ይደርሳል። ድሮ የሚሠራው ከሸምበቆ ነበር። ያለ መንጠቆና ያለ ደም ዓሣን ከዓሣ የሚለይ እንዲህ ያለ ብልሃት ያወጣ ሕዝብ የማንም ትንሽ ቅጂ ተብሎ ሊጠራ አይገባውም።

የተያዘው ዓሣ ማኒፋቱራ ዴይ ማሪናቲ ወደሚባለው ፋብሪካ ይሄዳል። እዚያም በረጅም ብረት ተሰክቶ በትልልቅ ምድጃዎች እሳት ይጠበሳል፤ ከዚያም በኮምጣጤና በጨው ተነክሮ ይቀመጣል። ሀብቱ ግን የገዢዎችና የተኮናታሪዎች ነበር። በደጁ ካለው ውሃ ዓሣ እንዳያጠምድ የተከለከለ ድሃ በሌሊት ጥርሰ ብዙ ጦሩን ይዞ፣ በጠባብ ጀልባ ተደብቆ ይወጣ ነበር፤ እነዚህ «ፊዮቺኒኒ» የተባሉ ሰዎች ከዘበኞች ጋር ያደረጉት ድብብቆሽና ግጭት እስከ 20ኛው መቶ ክፍለ ዘመን ዘልቋል። ሕጉ ሌቦች ይላቸዋል። እኔ ግን ልጆቻቸውን ለማብላት የወጡ ሰዎች እንደነበሩ አስባለሁ።

ከዚያ የማድረቅ ዘመን መጣ። ረግረጉ እርሻ ይሁን ተብሎ ቫሊው በየተራ ተጠነፈፈ። በ1922 ትሬባ የተባለው ክፍል ሲደርቅ፣ በቀድሞው የውሃ አልጋ ሥር ከሮማውያን በፊት በጣሊያን የገነኑት የኤትሩስካውያን የወደብ ከተማ የስፒና መቃብሮች ብቅ አሉ፤ ከ4,000 በላይ መቃብሮች ተቆፍረው የወጡት ውብ የአቴና የሸክላ ዕቃዎች ዛሬ በፌራራ ሙዚየም ይታያሉ። ይህ ታላቅ ግኝት ነው። ሆኖም ከ2ኛው የዓለም ጦርነት በኋላ ማድረቁ በርትቶ፣ ሜዛኖ የተባለው ሰፊ ውሃ ጭምር ማሳ ሆነ፤ ዛሬ የቀረው ቫሊ 11,000 ሄክታር ገደማ ነው። ለድሃው መሬት መስጠት የተቀደሰ ዓላማ እንደነበር አልክድም፤ ይሁንና በውሃ ይኖር ከነበረ ከተማ አብዛኛውን ውሃ መውሰድ ምን ማለት እንደሆነ ያኔ በበቂ የታሰበበት አይመስለኝም።

አሁን ደግሞ ዓሣው ራሱ እያለቀ ነው። ወደ አውሮፓ የሚደርሰው የአንጉዊላ ግልገል ከ1980ዎቹ ወዲህ ከ90 በመቶ በላይ ቀንሷል፤ ዝርያው ከ2008 ጀምሮ ሊጠፉ እጅግ ከተቃረቡት መካከል ተመዝግቧል። የአውሮፓ ኅብረት በ2007 ባወጣው ደንብ፣ የሰው እጅ ባይነካው ኖሮ ወደ ባሕር ይመለስ ከነበረው ጎልማሳ አንጉዊላ ቢያንስ 40 በመቶው እንዲያልፍ ይጠይቃል። ኮማኪዮ ግን በየመከሩ የአንጉዊላ በዓል ታከብራለች፤ ጎብኚውም ሊበላ ይመጣል። በዓሉ ይቅር አልልም፤ ከተማዋ ራሷን የምታስታውስበት ቀን ነው። የምለው፣ ለድልድዩ ፎቶግራፍ የሚወጣው ገንዘብና ትኩረት ወደ ቫሊው ይዙር፤ ከባሕር የሚያገናኙት ቦዮች ደለላቸው ይጠረግ፣ የቀረው ውሃም አንድ ሄክታር እንኳ አይነካ ነው። ላቮሪዬሮው ዓሣውን ሳያቆስል በሕይወቱ ስለሚይዝ፣ ለዘመናት ለገበያ ሲያቀርብ የኖረው ያው ወጥመድ፣ ለመራባት የደረሱትን መርጦ ለማውጣትም ይመቻል። ከቫሊው የተያዙ አንጉዊላዎች ወደ አድሪያቲክ የተለቀቁበት ጊዜም አለ። ይህ ሥራ በየዓመቱ በመከሩ ሌሊት፣ ውሃውን በሚያውቁት በራሳቸው በአስጋሪዎቹ እጅ፣ ደመወዝ ተቆርጦላቸው ሊሠራ ይገባል።