«8:00» ማለት ስንት ሰዓት ነው?

እስቲ አንድ ነገር ልጠይቃችሁ። የኮንሰርት ፖስተር ላይ «8:00» ተብሎ ቢጻፍ ስንት ሰዓት ላይ ትመጣላችሁ? እኔ እንደ ፈረንጅ ቆጥሬ ማታ 2 ሰዓት ነው ብዬ ደረስኩ። አብሮ አደጌ ደግሞ እንደ አገሩ ቆጥሮ ከቀኑ 8 ሰዓት ላይ ጎንደር ፒያሳ ሄዶ፣ ወለል የምትጠርግ ልጅ ብቻ አግኝቶ ተመልሷል። ሁለታችንም ተሳስተናል። የተጀመረው ከምሽቱ 4 ሰዓት ከሩብ ላይ ነው።

ባለፈው ቅዳሜ ነው። የጎንደር ልጆች ባንዶች ብቻ የሚጫወቱበት ምሽት፤ አንድ ቲኬት ትቆርጣለህ፣ አራት ቤት ትገባለህ። ሁለቱ ፒያሳ፣ አንዱ ማራኪ፣ አንዱ አዘዞ። 400 ብር። እውነቱን ለመናገር ስሰማ ደስ ብሎኝ ነበር። እኛ ዘንድ ኮንሰርት ሲባል ዘፋኙ ከአዲስ አበባ ይመጣል፣ የእኛ ልጆች እሱ ከሆቴሉ እስኪወጣ ድረስ ሕዝቡን ያሟሙቃሉ፣ ስማቸው እንኳ ፖስተር ላይ አይገባም። በዚያ ላይ የአክስቴ ልጅ ከባንዶቹ በአንዱ ውስጥ ማሲንቆ ይመታል። አክስቴ ሁለት ሳምንት ሙሉ «ልጄ፣ ሂድና በስልክህ ቅረጽልኝ፤ እኔ ሌሊት አልወጣ» ስትለኝ ነው የከረመችው።

ገና በሩ ላይ ጥበቃው ደረቴ ላይ እጁን አደረገ። «ወንድሜ፣ ጋቢ ለብሶ መግባት ክልክል ነው።» ጥር ነው እኮ! የጎንደር የጥር ሌሊት! ጋቢዬን አጣጥፌ በፌስታል ይዤ ገባሁ። ውስጥ ስገባ መድረኩ በምን ተጊጧል? በጋቢ። ግድግዳው ላይ ዘርግተው ሰቅለውታል፣ አጠገቡ መሶብ አስቀምጠዋል። ሰው ሲለብሰው ክልክል፣ ግድግዳ ሲለብሰው ባህል።

ተቀመጥን። «ሄሎ፣ ቼክ፣ ዋን፣ ቱ።» አንድ ልጅ ይህንን አንድ ሰዓት ተኩል ሙሉ አለ። ሦስት እንኳ ብሎ አያውቅም። አስተናጋጇን ምን እየተጠበቀ እንደሆነ ብጠይቃት «ድራመሩ ሰርግ ላይ ነው» አለችኝ። ታዲያ የት ይሁን? ጥር ነዋ! ጾመ ነቢያት ተፈትቶ፣ ዐቢይ ጾም ሳይገባ አገር ሁሉ የሚዳርበት ወር። ሙዚቀኛ በዓመት ሁለቴ ሦስቴ ደህና ብር የሚያይ ከሆነ አንዱ በጥር ቅዳሜ ነው። እና በጥር ቅዳሜ ማታ ለባንዶች ፕሮግራም የሚይዝ ሰው ራሱ አግብቶ አያውቅም ማለት ነው። በልጁ አልፈርድም። ሰርገኛው ይከፍለዋል፤ አዘጋጆቹ ግን፣ በኋላ ከአክስቴ ልጅ እንደሰማሁት፣ «መተዋወቂያ ይሆናችኋል» ነው ያሏቸው። በመተዋወቂያ የማሲንቆ ጭራ አይገዛም።

3 ሰዓት ተኩል ሲሆን ትዕግሥቴ አለቀ። ማራኪ ያለው ቤት ውስጥ ልሰማው የምፈልገው ሌላ ባንድ አለ፣ በክራርና በሳክስፎን የባቲን ቅኝት የሚጫወቱ ልጆች። ባጃጅ አስቆምን። «ኮንትራት ነው» አለ። ኮንትራት መሆኑንማ ፊቱን አይቼ አውቄያለሁ። ተከራክረን፣ ወርደን፣ እንደገና ተጠርተን ሄድን። ደረስን። ዲጄ። ባንዱስ? «ወደ አዘዞ ተዛውሯል፣ አልሰማችሁም እንዴ?» ከማን ልስማ? ባለ ባጃጁን አዘዞ ውሰደን ብንለው ወደ ኋላ ዞሮ «ሻንጣችሁስ?» አለን። አውሮፕላን ማረፊያ የምንሄድ መስሎታል እኮ። ከፒያሳ አዘዞ ድረስ 12 ኪሎ ሜትር ገደማ ነው፤ ያንን ያህል መንገድ በአንድ ቲኬት ያሰሩት ሰዎች ባጃጅ ተሳፍረው ያውቁ ይሆን? በጨለማ፣ በኮንትራት፣ ለአንድ ዘፈን? ተውነው።

ወደ ፒያሳ ተመለስን። በሩ ላይ «ሞልቷል» ተባልን። ቲኬቴን ባሳየው፣ እጄ ላይ ያተሙትን ማኅተም ባሳየው (ላብ ግማሹን በልቶታል)፣ «የኔ ወንድም፣ እኔ የታዘዝኩትን ነው» ይለኛል። አንድ ሰዓት ተኩል ሙሉ ባዶ ወንበር የጠበቅንላቸው እኛ ነን! እግዜር ይስጣት፣ ያቺ አስተናጋጅ አይታን አስገባችን።

5 ሰዓት ከሃያ ላይ የአክስቴ ልጅ ወጣ። ስልኬን አወጣሁ። አሁን ወደ ዋናው ብሶቴ ልምጣ።

ማሲንቆ አንድ ጭራ ነው ያለው። የፈረስ ጭራ፣ ቆዳ በለበሰች ትንሽ ሣጥን ላይ። አዝማሪ ቤት የምትሰማው ቤቱ ጠባብ ስለሆነ፣ አዝማሪውም አጠገብህ ድረስ መጥቶ ፊትህ ላይ ስለሚገጥምብህ ነው፤ «ተቀበል!» ብለህ ግጥም ስትሰጠው የሚቀበልህ ሞንታርቦ መሃል ስላልገባ ነው። ትልቅ አዳራሽ ውስጥ ከሆነ ሣጥኑ ላይ የምትለጠፍ ትንሽ ማይክ ትፈልጋለች። የዛን ቀን የድምፅ ሠራተኛው አንድ የዘፋኝ ማይክ ክንድ ያህል ርቀት ላይ አቁሞ ሄደ። ከበስተኋላ ድራም፣ በግራ ቤዝ፣ በቀኝ ኦርጋን። ልጁ ይገዘግዛል፣ ክንዱ ሲሄድ ሲመለስ አያለሁ፣ ድምፅ የለም። ድምፁን ከፍ ሲያደርጉለት ማይኩ ሲጮህ ሰው ሁሉ ጆሮውን ያዘ፤ ከዚያ በኋላ ጭራሽ ዘጉት። ይባስ ብሎ ኦርጋኑ ላይ «ማሲንቆ» የሚል ድምፅ አለ መሰለኝ፣ ኦርጋኒስቱ እሱን መጫን ጀመረ! እውነተኛው ማሲንቆ ሁለት ሜትር ርቀት ላይ ቆሞ! ጣት ጭራው ላይ ተንሸራትቶ ከአንዱ ድምፅ ወደ ሌላው የሚያልፍባትን ነገር ኦርጋን ከየት ያመጣታል? ኩርኩር የተደረገ ድመት ነው የሚመስለው። በ1600ዎቹ ነገሥታት የተቀመጡባት፣ ቡርቧክስን የሚያህል የአዝማሪ መንደር በአካባቢዋ ያላት ከተማ ውስጥ ማሲንቆ ለፎቶ ይቆማል።

ሦስተኛው ዘፈን ላይ መብራት ጠፋ። ሰው ጮኸ፣ የስልክ መብራት በየቦታው በራ፣ ድራሙም ዝም አለ። የአክስቴ ልጅ ግን አላቆመም። በአንቺሆዬ ቅኝት ቀጠለ። ሰማሁት! ከመላው ምሽት፣ ከ400 ብሩ፣ ከኮንትራቱ ሁሉ ይቺን ሰማሁ። አንድ አባት ከጥግ «ይባርክህ!» አሉ። ስልኬን አስተካክዬ ቀረጻውን ጀመርኩ።

ባለቤቱ ግን ትጉ ሰው ነው። ጄነሬተሩን ያስቀመጠው መድረኩ አጠገብ ካለው መስኮት ሥር ነው። አስነሣው።

እሑድ ጠዋት አክስቴ ቤት ሄድኩ። ቡና ተፈልቶ፣ ሁለት ጎረቤት ተጠርቶ፣ መነጽሯን አድርጋ ጠበቀችኝ። ቪዲዮው 50 ሰከንድ ነው። ሁለቴ አየችው። ከዚያ ስልኩን ጆሮዋ ላይ ለጥፋ አዳመጠችና፣

«የኔ ልጅ፣ ወፍጮ ቤት ነው እንዴ የሚሠራው?» አለችኝ።