ጠጋ በሉ፣ እሷ ታፈሳለች

ሐምሌ ላይ ለቡና የተጠራ እንግዳ የሚቀመጥበትን ቦታ የሚመርጥለት ባለቤቱ ሳይሆን ጣራው ነው። «እዚያ ጋ አይሆንም፣ ጠጋ በሉ፣ እሷ ታፈሳለች» ይባላል። «እሷ»! ቀዳዳዋ እንደ ቤተሰብ አባል ተቆጥራለች፤ ስም ማውጣት ብቻ ነው የቀራት። እንግዳው ይነሣል፣ ሶፋው በጉልበት ይገፋል፣ በቦታው ሳፋ ይቀመጣል፣ ወሬው ካቆመበት ይቀጥላል። ይቅርታ የሚጠይቅ የለም። ጨዋ የሚባለው ባለቤት ጠብታው እንዳይጮህ ሳፋው ውስጥ ጨርቅ ጣል ያደርጋል።

ይኸው «ጠጋ በሉ» ከታክሲ ረዳት አፍ ሲወጣ ግን ደማችን ይፈላል። ረዳቱ እኮ በሦስት ሰው ወንበር ላይ አራተኛ ሰው ሊጭን ነው። ሰው ለሰው ቢጠጋ ምን አለበት? ሳሎን ውስጥ የምንጠጋው ለውሃ ነው።

ለምን አይጠገንም ቢሉ መልሱ በየወሩ ተዘጋጅቶ ይጠብቃል። ሰኔ ላይ «አሁንማ ዝናብ ገባ፣ ማን ይወጣል?» ጥቅምት ላይ «አሁንማ አታፈስም።» ሚያዝያ ላይ «ፋሲካው ይለፍ።» ያገሬ ሰው «ጅብ ከሄደ ውሻ ጮኸ» ይላል፤ የዚህ ቤት ውሻ ጅቡ ከሄደም በኋላ አይጮህም።

ነሐሴ ላይ ደግሞ ከተረቶች ሁሉ የምወደው ይመዘዛል፦ «ቡሄ ካለፈ የለም ክረምት፣ ዶሮ ከጮኸ የለም ሌሊት።» ቡሄ ነሐሴ 13 ነው። ስለዚህ ነሐሴ 10 ላይ ሳፋ የሚደፋ ሰው «ሦስት ቀን ናት የቀረችው» ብሎ ይጽናናል። አዲስ አበባ ላይ ዝናቡ መስከረምንም ሊያጋምስ እንደሚችል ተረቱን የሚጠቅሰው ሰው ራሱ ያውቃል። ተረቱም ቢሆን በደንብ ላየው ሌላ ነገር ነው የሚለው። ዶሮ የሚጮኸው ከሌሊቱ ዘጠኝ ሰዓት ግድም ነው፤ እስኪነጋ ሦስት ሰዓት ያህል አለ። በሦስት ሰዓት ስንት ሳፋ ይሞላል? ነሐሴን በተረት ያለፈ ሰው ጳጉሜ 3 የሩፋኤል ዝናብ ሲመጣለት ደግሞ ይብስበታል። ልጆቹ ደጅ ወጥተው ይጠመቃሉ፤ ሳሎን የገባውም ጸበል ነው፣ ጸበል ደግሞ አይደፈንም።

ወደ ጣራው እንውጣ። እ.ኤ.አ. በ1829 ሄንሪ ፓልመር የሚባል እንግሊዛዊ መሐንዲስ የሞገድ ቆርቆሮን በስሙ ያስመዘገበው ለጌጥ አይደለም። ጉብታና ቦይ የሆነው ስስ ብረት ሳይጎብጥ እንዲሸከም ነው፤ ጣራ ላይ ሲወጣ ደግሞ ውሃው በቦዩ ይወርዳል። ስለዚህ ምስማር የሚመታው ጉብታው ላይ ነው። ቦዩ ውስጥ የተመታ ምስማር ወንዝ መሐል እንደቆመ ምሰሶ ነው፤ ውሃ ሌት ተቀን ዙሪያውን ይልሰዋል፣ ከምስማሩ ራስ ሥር ያለው ጎማ ይበላል፣ ዝገቱ ይከተላል። ጉብታው ላይም ቢሆን እስኪጨፈለቅ መደብደብ የለበትም፤ ጎማው ቆርቆሮውን ሲነካ ይበቃል። የተጨፈለቀ ጉብታ ኩሬ ሆኗል ማለት ነው።

ቆርቆሮ የሚሸጠው በጌጅ ነው፤ ቁጥሩ ባደገ ቁጥር ቆርቆሮው ይሳሳል። ባለ 28ቱ ከባለ 35ቱ ይወፍራል። ቁጥር ሲበዛ ጥራት የሚመስለው ገዢ 35ቱን በርካሽ አገኘሁ ብሎ እየፈነደቀ ይመለሳል፤ ነጋዴውም ደስታውን አይነሣውም።

አሁን የቆየ ቂሜን ልናገር፦ ሲሊኮን። ሲሊኮን በራሱ ክፉ ነገር አይደለም፤ ለመስኮትና ለመታጠቢያ ገንዳ ጠርዝ የተባረከ ነው። ግን እርጥብ ላይ፣ አቧራ ላይ፣ ዝገት ላይ አይዝም። ሰውየው በሁለት ዝናብ መሐል በሩጫ ይወጣል፣ ያልደረቀ ቆርቆሮ ላይ እንደ ኬክ ክሬም ያዞረዋል፣ «አለቀ» ብሎ ይወርዳል። በሳምንቱ በጥፍር ሲነካ እንደ ማስቲካ ተላጦ ይነሣል። የሚያንገበግበው ደግሞ ሲሊኮን በነካው ቦታ ላይ ካትራሜም (ጥቁሩ ሬንጅ) ሆነ ቀለም እንቢ ማለቱ ነው። ኋላ የሚመጣው ደህና ባለሙያ ግማሽ ቀኑን የሚያጠፋው ያንን በመፋቅ ነው፤ ሒሳቡን የሚከፍለው ባለቤቱ ነው፤ ሲሊኮን ቀቢው ሌላ ጣራ ላይ ነው።

የጣራ ላይ አረማመድ ራሱን የቻለ ጉዳይ ነው። መርገጥ ያለበት የምስማሩን መስመር ተከትሎ ነው፤ ከሥሩ ሞራሌ፣ ማለትም ቆርቆሮው የተመታበት እንጨት፣ ስላለ ይሸከማል። በሁለት ሞራሌ መሐል የረገጠ ሰው ቆርቆሮውን ያጎብጣል፣ መደራረቢያው አፉን ይከፍታል። አንድ ደፍኖ ሦስት ከፍቶ የሚወርድ ጠጋኝ ደንበኛ አያጣም። ድንጋይና አሮጌ ጎማ የሚጭኑትስ! አውሮፕላን ቦሌ ሊያርፍ ሲል ቁልቁል ያየ ሰው ከተማዋ ጣራ ላይ ካብ የጀመረች ይመስለዋል። ድንጋዩ ሥር አፈርና እርጥበት ይጠራቀማል፣ ዝገቱም የሚጀምረው ከዚያው ነው።

ሌላው ስሕተት ውሃ በሚንጠባጠብበት ልክ ከላይ ቀዳዳ መፈለግ ነው። ውሃ ከገባ በኋላ ሞራሌውን ይዞ ሁለትና ሦስት ሜትር ተጉዞ ነው የሚጥለው። በጠራ ቀን መብራት አጥፍቶ ኮርኒሱ ውስጥ ሽቅብ ማየት ነው፤ ቀዳዳዎቹ እንደ ኮከብ ያበራሉ፣ በከሰል ይከበባሉ። ኮከብ ካልታየ አንዱ ከላይ የውሃ ጎማ ይዞ፣ አንዱ ከታች ባትሪ ይዞ ይፈትናሉ። ውሃው የሚለቀቀው ከጣራው ታችኛው ጫፍ ጀምሮ ነው፤ ለያንዳንዱ ቦታ አሥር ደቂቃ ያህል እየሰጡ ወደ ላይ መሄድ። ከላይ የጀመረ ሁሉንም አርሶ ምንም ሳያውቅ ይወርዳል። (ቧንቧው በፈረቃ በሚመጣበት ሰፈር ለዚህ ሙከራ ውሃ ማግኘት ራሱ ችግር ነው። ክረምቱን ሙሉ ሳሎን ውስጥ ውሃ የቀዳ ቤት፣ ጣራውን ሊፈትን ሲነሣ ጀሪካን ይዞ ጎረቤት ያንኳኳል።)

የምስማር ቀዳዳ ከሆነ አሮጌውን ነቅሎ በወፍራም ባለ ጎማ መተካት ነው። ትንሽ ዝገት ከሆነ በሽቦ ብሩሽ ተፍቆ፣ በደንብ ደርቆ፣ ካትራሜ፣ በላዩ የአቡጀዲ ቁራጭ፣ ደግሞ ካትራሜ። ሰፊ ከሆነ ቁራጭ ቆርቆሮ በየአቅጣጫው 15 ሴንቲ ሜትር ያህል አስተርፎ ይቆረጥና የላይኛው ጠርዙ ከላይኛው ቆርቆሮ ሥር ይገባል። ከላይ ለጠፍ የተደረገ ልጥፍ ውሃውን በአፉ ይቀበላል። ይህ ሁሉ ሲሆን አሸንዳው በባሕር ዛፍ ቅጠል ታፍኖ፣ የሰፈር ልጆች ኳስ ተወትፎበት ከሆነ ድካሙ ከንቱ ነው፤ ውሃው መውጫ ሲያጣ ወደ ኋላ ተመልሶ በግድግዳው ይወርዳል። ጭቃ ቤት ከሆነማ ጭድና አፈሩ ተያይዞ ይወርዳል።

ኮርኒሱ እንደ እርጉዝ ሆድ ቁልቁል ከተነፋ መጀመሪያ የዚያን ክፍል ብሬከር ማውረድ ነው፤ ውሃ አምፖሉ መግጠሚያ ውስጥ ገብቶ ሊሆን ይችላል። ከዚያ ሳፋ ይቀመጥና እብጠቱ መሐል ላይ በምስማር ይበሳል። ቺፑዱ ውሃውን እንዳዘለ ሙሉ በሙሉ ከሚናድ በአንዲት ቀዳዳ ቢተነፍስ ይሻላል። ክረምቱ ሲወጣ የሚቀረውን ቡናማ ካርታ በውሃ ቀለም መደበቅ አይቻልም፤ በሁለት ሳምንት ተመልሶ ብቅ ይላል። ሳምንታት አድርቆ፣ መጀመሪያ የዘይት ቀለም ቀብቶ፣ ከዚያ ነው የውሃ ቀለሙ። ባለቤቱ ግን ካርታውን ለምዶታል፤ «አፍሪካን አትመስልም?» ብሎ ለእንግዳ ያሳያል።

እንግዳው እስካሁን ጫፍ ላይ ተቀምጧል። ቡናው በረካ ደርሷል፣ ሳፋው ለሁለተኛ ጊዜ ተደፍቷል፣ ንፋሱም አቅጣጫ ቀይሯል መሰለኝ፣ የጠብታው ድምፅ ከወዲያኛው ጥግ ይሰማል።

«ውይ፣ እሷ ደግሞ መቼ ጀመረች? እስቲ ወደዚህ ጠጋ በሉ።»