«ደህና አደሩ፣ እመቤቴ»

ከማስተምራቸው የ10ኛ ክፍል ልጆች ሁለቱ ሰባት ሳምንት ሙሉ ተኳርፈው ነበር። ከአምስተኛ ክፍል ጀምሮ አንድ ዴስክ ላይ የተቀመጡ፣ ምሳ ዕቃቸውን አንድ ላይ የሚከፍቱ ጓደኛሞች ናቸው። አንደኛዋ ጓደኛዋ በምሥጢር የጻፈችላትን መልእክት ስክሪንሾት አድርጋ የክፍሉ ልጆች ወዳሉበት የቴሌግራም ግሩፕ ላከችው። ለማሳቅ ነበር። ሁሉም ሳቀ። ጓደኛዋ በነጋታው ደብተሯን ይዛ የኋላ ወንበር ላይ ተቀመጠች።

በሁለተኛው ሳምንት ጠርቼ «በሉ ተሳሳሙ» አልኳቸው። ተሳሳሙና አንዷ በግራ፣ አንዷ በቀኝ ሄዱ። አጥፍቻለሁ። ትልልቆች ሲጣሉ ሽማግሌ ቁጭ ብሎ የሁለቱንም ቃል ይሰማል፣ በዳይና ተበዳይ ይለያል፣ ካሣም ካለ ይቆረጣል። ልጆች ሲሆኑ ግን መስማቱን ትተን ጉንጭ ወደማሳሳሙ እንሮጣለን።

ያጠፋችው ልጅ ግን በራሷ መንገድ ሞክራ ኖሯል። «እንደምን አመሹ፣ እመቤቴ» ብላ በቴሌግራም ጽፋላታለች። በደጉ ጊዜ በአንቱታ መቀላለድ ልማዳቸው ነበር። መልስ አልመጣም። የተከፋችው ልጅ «አሁንም ታሾፍብኛለች» ብላ ነው ያነበበችው። አንቱታ በእኛ ቋንቋ ክብርም ነው፣ መራራቅም ነው፣ በእኩዮች መካከል ደግሞ ጨዋታ ነው። የትኛው እንደሆነ የሚታወቀው በድምፅና በዓይን ነው፤ ስልክ ላይ የተጻፈ ቃል ሁለቱም የለው።

በሰባተኛው ሳምንት አንድ ዝናባማ ጠዋት የተከፋችው ልጅ አርፍዳ ገባች። የኋላው ወንበር ጣሪያው አፍስሶበት ርሷል። ያቺኛዋ ብድግ ብላ የድሮውን ቦታ በሹራቧ እጅጌ ጠረገችና ክፍሉ ሁሉ እየሰማ «ደህና አደሩ፣ እመቤቴ። ወንበርዎ ሰባት ሳምንት ሲጠረግ ነው የከረመው» አለች። ሌላዋ ወንበሩን በጣቷ ነካ አድርጋ «አቧራው አልለቀቀም» አለችና ተቀመጠች። እኔም ጠመኔዬን እንደያዝኩ ቆሜ ቀረሁ።

ሰምና ወርቅን ሳስተምር ከአንጥረኛው ሥራ እጀምራለሁ። አንጥረኛው በሰም ቅርጽ ይሠራል፣ በጭቃ ይሸፍነዋል፣ እሳት ሲያገኘው ሰሙ ቀልጦ ይወጣና ወርቁ በቦታው ይፈሳል። እኛ አብዝተን የምንወደው ሰሙ ምስጋና፣ ወርቁ ስድብ የሆነውን ነው። በ19ኛው ክፍለ ዘመኑ ሊቅ በአለቃ ገብረ ሐና ስም ከሚነገሩት ጨዋታዎችም ብዙዎቹ ሰውን በቃል የመርታት ናቸው። ልጆቻችንም ተረብን የሚያውቁት እንደ ግጥሚያ ነው፤ አንዱ ያሸንፋል፣ ሌላው ያፍራል። የዚህች ልጅ ቃል ግን ተገላቢጦሽ ነው። ሰሙ ፌዝ፣ ወርቁ «ቦታሽን ለማንም አልሰጠሁም»። ልጆች ምፀት ለዚህም እንደሚሆን ቢያውቁ እወዳለሁ፤ ክፍል ውስጥም እንደ ስድቡ ሁሉ ልናሳያቸው ይገባል።

«ከሳቁማ ታርቀዋል» የሚሉ ወላጆች አሉ። አልስማማም። ሁለቱ ሁለት ቀን አብረው ሳቁ፤ የተከፋችው ልጅ ግን በጻፈች ቁጥር ደብተሯን በክንዷ ትሸፍን ነበር። ቀልዱ ዴስኩ ድረስ አደረሳቸው እንጂ እምነቷን አልመለሰላትም። ሰሙ ገና አልቀለጠም ነበር።

በሦስተኛው ቀን ያጠፋችው ልጅ ስክሪንሾቱን በላከችበት በዚያው ግሩፕ፣ ያለ አንቱታና ያለ ጨዋታ «የላክሁት ጽሑፍ የእኔ አልነበረም። መላክ አልነበረብኝም። ይቅርታ» ብላ ጻፈች። ማንም አልመከራትም። ጓደኛዋ የተዋረደችው በሰው ፊት ስለነበር ይቅርታውም በሰው ፊት መሆኑ ትክክል ነው፤ እኔ ቢሮ ውስጥ በር ዘግቼ ላደርገው ሞክሬ ነበር።

በማግስቱ ቃለ ጽሕፈት ሳስጽፍ በእነሱ ዴስክ በኩል አለፍኩ። ደብተሯ ክፍት ነበር፤ ጓደኛዋ ያመለጣትን ዐረፍተ ነገር ከእሱ ላይ እያየች ትገለብጣለች።